የጨው መውጣትና መውረድ፦ የፍሎሪዳ ቤይ የባሕር ሣርና ጥቃቅን ነዋሪዎቹ

በ1987 የሙቀት ወራት በአሜሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ በፍሎሪዳ ቤይ ውሃ ላይ፣ ዓሣ አጥማጆችን በጀልባ የሚመሩ ሰዎች ያልለመዱትን ነገር አዩ። ለምለም የነበረው የባሕር ሣር እየሞተ ይንሳፈፋል፤ አረንጓዴ የነበረው ወለል በየቦታው ጭቃው ወጥቷል። በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታት ከ4,000 ሄክታር በላይ ሣር ፈጽሞ ጠፋ፤ 23,000 ሄክታር ያህል ደግሞ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሣሩ ብዙ ተጽፏል፤ በዙሪያው ስለሚኖሩት ወፎች፣ አዞዎችና ዓሦችም እንዲሁ። በቅጠሉና በሥሩ መካከል ስለሚኖሩት፣ አብዛኞቹ ከጣት ጥፍር ስለማይበልጡት አከርካሪ አልባ እንስሳት ግን የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ከምርምር መጽሔቶች ውጭ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ይህ ዳሰሳ የሚከተለው የእነሱን ታሪክ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመቶ ዓመቱን መረጃ ጎን ለጎን ሳስቀምጠው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ስለ ጨዋማነት ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ስንት ነው?» ብለን ነው። ጥቃቅኖቹ እንስሳት የሚኖሩትና የሚሞቱት ግን ይበልጡን «በምን ያህል ፍጥነት ተለወጠ? ሣሩንስ ምን አደረገው?» በሚሉት ጥያቄዎች ነው። ውሃውን የሚያስተዳድሩ ሰዎች እስካሁን በአማካይ ቁጥር ሲመሩ መቆየታቸው ብዙ ያስከፈለ ይመስለኛል።

ስፍራው

ፍሎሪዳ ቤይ በፍሎሪዳ የብስ ጫፍና «ኪስ» በሚባሉት የደሴቶች ሰንሰለት መካከል የተዘረጋ፣ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ውሃ ነው። ጥልቀቱ በአማካይ ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም። አብዛኛው ክፍል በ1947 በተመሠረተው የኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ይገኛል። ወለሉ ሜዳ አይደለም፤ እስከ ውሃው ገጽ የሚጠጉ ረጃጅም የጭቃ ጉብታዎች እርስ በርስ እየተገናኙ ቤዩን በብዙ ገንዳዎች ይከፋፍሉታል። ከምዕራብ፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል የሚመጣው የባሕር ሙላት እነዚህ ጉብታዎች ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር የባሕሩ መሙላትና መጉደል እየደከመ ሄዶ በሰሜን ምሥራቁ ጥግ የለም እስከሚባል ድረስ ይሳሳል።

የውቅያኖስ ውሃ በኪሎ ግራም 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ከዚህ በኋላ የጨዋማነት ቁጥር ስጠቅስ በዚህ መለኪያ ነው። በቤዩ ምዕራባዊ ጠርዝ ዓመቱን ሙሉ ከ35 ብዙ አይርቅም። በሰሜን ምሥራቅ፣ ቴይለር ስሉ ከሚባለው ረግረግ ጣፋጭ ውሃ በሚፈስበት ጥግ፣ ዝናብ ሲበረታ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ድርቅ ሲሆን ከባሕሩ ያልፋል። መካከለኛው ክፍል ከሁለቱም ይከፋል። ከወንዝም ከባሕርም የራቀ ስለሆነ ፀሐይ ውሃውን ስታተን ጨው ብቻ ይቀራል። በ1989 እና በ1990ው ድርቅ 70 ደርሷል፤ የውቅያኖሱ እጥፍ ማለት ነው።

የባሕር ሣር ከባሕር አረም የተለየ ነው። አበባና ዘር፣ እውነተኛ ሥርም ያለው፣ ከየብስ ወደ ባሕር የተመለሰ ተክል ነው። በፍሎሪዳ ቤይ የበላይነቱን የያዘው ታላሲያ የሚባለው ሰፊ ቅጠል ሣር ነው፤ ኤሊዎች ስለሚግጡት በእነሱ ስም ይጠራል። ቀጭኑ ሃሎዱሌ ጨዋማነት በሚዋዥቅበትና ወለሉ በተረበሸበት ይበቅላል። ሩፒያ ደግሞ ጣፋጭ ውሃ ወደሚገባበት፣ የማንግሮቭ ዛፎች ወደበቀሉበት ዳር ይጠጋል። ሦስቱ ለእንስሳት የሚሰጡት መጠለያ እኩል አይደለም። የታላሲያ ቅጠል ሰፊና ረጅም ዕድሜ ያለው ስለሆነ በላዩ ላይ ብዙ ጥቃቅን አልጌ ይለጠፋል፤ ያንን አልጌ የሚግጡ ቀንድ አውጣዎችና አምፊፖድ የሚባሉ፣ ጎናቸው የተጨመቀ ጥቃቅን የሽሪምፕ ዘመዶች አሉ። ከቅጠሉ ሥር ቶር የሚባለው፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይረዝም ሽሪምፕ ይርመሰመሳል። በጭቃው ውስጥ ትሎችና ባለ ጥንድ ዛጎል እንስሳት ተቀብረው ይኖራሉ። ዓሦች ገና ትንንሽ ሳሉ የሚበሉት በአብዛኛው እነዚህን ነው፤ ከዓሦቹ በላይ ደግሞ ረጅም ሰንሰለት ሳይኖር በጥቂት እርከን ብቻ ወደ ወፎችና ወደ ሰው ገበታ ይደረሳል።

ጨው በሰውነት ላይ የሚሠራው

ውሃ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል። በዙሪያው ያለው ባሕር ከእንስሳው ሰውነት ይልቅ ጨዋማ ከሆነ እንስሳው ውሃ ይነጠቃል፤ ከለዘበ ደግሞ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ሰውነቱን ይነፋዋል። ፍጥረታቱ ይህንን የሚቋቋሙት በሁለት መንገድ ነው። የባሕር ጃርቶች፣ የባሕር ኮከቦችና አብዛኞቹ ዛጎል ለባሾች የሰውነታቸውን ፈሳሽ ከባሕሩ ጋር እኩል ያደርጋሉ፤ ባሕሩ ሲለወጥ እነሱም ይለወጣሉ፣ በየሴሉ ውስጥ ያሉ የአሚኖ አሲድ ክምችቶችን እየጨመሩና እየቀነሱ ይስማማሉ። ይህ ሥራ ሰዓታትን፣ አንዳንዴም ቀናትን ይወስዳል። ብዙዎቹ ሸርጣኖችና ሽሪምፖች በአንጻሩ በሚተነፍሱበት አካል ጨውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እየገፉ ደማቸውን በአንድ ልክ ለማቆየት ይጥራሉ። ይህም ነፃ አይደለም፤ ለማደግና ለመራባት ሊውል የሚገባው ጉልበት ለዚህ ይከፈላል።

ከባሕሩ ጋር እኩል የሚሆኑት የመጀመሪያዎቹ ፈጣን ለውጥን አይችሉም። የባሕር ጃርትና የባሕር ኮከብ በፍሎሪዳ ቤይ ውስጥ ከምዕራባዊው ጠርዝ ብዙም የማይርቁት ስለዚህ ነው። በዚያ ጠርዝ በተረጋጋው ጨው ውስጥ ምን ያህል ሊበረቱ እንደሚችሉ በ1997 ታይቷል፤ የባሕር ጃርቶች እንደ ግንባር ተሰልፈው ሰፊ የሣር መስክ እየጋጡ አልፈዋል። ግንባሩ ግን ወደ ሰሜን ምሥራቁ ጥግ አልዘለቀም። ባለ ጥንድ ዛጎሎቹ ሌላ ብልሃት አላቸው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ዛጎላቸውን ዘግተው ይጠብቃሉ። በተዘጋ ዛጎል ውስጥ ግን ምግብም ኦክስጅንም የለም፤ ትዕግሥታቸው የሚለካው በቀናት ነው። እንቁላልና እጭ ይህን ያህልም አቅም የለውም። አንድ ዝርያ በአዋቂነቱ 50 የሆነን ጨው መቋቋሙ በዚያው ጨው ይራባል ማለት አይደለም፤ በቤተ ሙከራ የተገኘ የመቋቋም ልክ ወደ ባሕሩ ሲወሰድ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ከሁሉ የበለጠ የታወቀው የዚህ ውሃ ነዋሪ ሮዝ ሽሪምፕ ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በድራይ ቶርቱጋስ ደሴቶች አካባቢ በመረብ እየተጠመደ የትልቅ ንግድ ምንጭ ሆኗል። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያ፣ ከቤዩ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነው። እጮቹ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳሉ በሌሊት የባሕሩ ሙላት ሲመጣ ወደ ላይ ተንሳፍፈው ይጋልቡታል፣ ሲጎድል ወደ ወለሉ ወርደው ይጠብቃሉ፤ እንዲህ እያሉ ወደ ቤዩ ይገባሉ። በሣሩ ውስጥ ለወራት አድገው ወደ ጥልቁ ይመለሳሉ። በጆአን ብራውደርና በባልደረቦቿ የተካሄዱ ሙከራዎች ታዳጊዎቹ በደንብ የሚኖሩት 30 አካባቢ በሆነ ጨው መሆኑን አሳይተዋል። ከዚያ በላይም በታችም ብዙ ርቀው ይኖራሉ፤ ግን ያነሱ፣ የቀጨጩ ሆነው።

ደለሉ የያዘው መዝገብ

ባለፈው መቶ ዓመት ሰው የቤዩን የውሃ መንገድ ደጋግሞ ለውጧል። በ1905 የተጀመረው የባለሀብቱ ሄንሪ ፍላግለር የባቡር መስመር በ1912 በ«ኪስ» ሰንሰለት ጫፍ ያለችው ኪ ዌስት ሲደርስ፣ በደሴቶቹ መካከል ያሉ መተላለፊያዎች በድንጋይና በአፈር ሙሌት ጠበቡ፤ በቤዩና በአትላንቲክ መካከል የነበረው የውሃ ልውውጥ ቀነሰ። በ1928 ከታምፓ ማያሚ የሚያደርሰው የታማያሚ መንገድ ተከፈተ፤ ረግረጉን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚያቋርጥ ወደ ደቡብ የሚፈሰውን ውሃ እንደ ግድብ ያዘው። በ1948 የአሜሪካ ምክር ቤት የማዕከላዊና ደቡብ ፍሎሪዳን የውሃ ፕሮጀክት አጸደቀ፤ ቦዮች ተቆፈሩ፣ ግድግዳዎችና መዝጊያዎች ተሠሩ። በ1960ዎቹ የተቆፈረው ሲ-111 ቦይ ደግሞ ወደ ቴይለር ስሉ ይሄድ የነበረውን ውሃ ወደ ምሥራቅ ሳበው። ይህ ሁሉ ሲሆን በቤዩ ውስጥ ጨዋማነትን በቋሚነት የሚለካ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። መዝገቡን የያዙት ጥቃቅኖቹ እንስሳት ናቸው።

የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ባለሙያዎች፣ ሊን ዊንጋርድና ቶማስ ክሮኒን ከእነሱ መካከል ናቸው፣ በ1990ዎቹ ከጭቃ ጉብታዎቹ ላይ ረጃጅም ቱቦዎችን ወደ ታች እየሰደዱ የደለል ናሙና አወጡ። የየሽፋኑን ዕድሜ እርሳስ-210 በሚባለው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ለኩ። በየሽፋኑ ያሉትን ዛጎሎች፣ ፎራሚኒፌራና ኦስትራኮድ የሚባሉትን በአጉሊ መነጽር የሚታዩ ባለ ቅርፊት ፍጥረታት ለይተው ቆጠሩ። ኦስትራኮድ ከሽሪምፕ ወገን ነው፤ ሰውነቱን የሚጠብቅበት ሁለት ክፍል ቅርፊት አለው፤ ሲያድግ አሮጌውን ጥሎ አዲስ ይሠራል። አንዳንዱ ዝርያ የሚኖረው በሣር ቅጠል ላይ ብቻ ነው፣ ሌላው ጭቃ ይወዳል፤ አንዱ ለዘብ ያለ ውሃ ይመርጣል፣ ሌላው እውነተኛ ባሕር። እያንዳንዱ ሽፋን ስለዚህ ሁለት ነገር ይናገራል፦ ውሃው ምን ያህል ጨዋማ እንደነበረና በዚያ ሣር እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ። በቅርፊቱ ውስጥ ያለው የማግኒዚየምና የካልሲየም መጠን ንጽጽርም ከጨዋማነቱ ጋር ስለሚሄድ ተጨማሪ ምስክር ሆነ።

ውጤቱ ብዙዎች ከጠበቁት ይልቅ ውስብስብ ነው፤ እኔም ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ውስብስብነት ነው። ከቦዮቹ በፊት ቤዩ ጸጥ ያለ፣ ሁልጊዜ ለዘብ ያለ ውሃ አልነበረም። ዝናብ ሲበዛና ሲቀንስ ጨዋማነቱ አብሮ ይወጣና ይወርድ ነበር። ከ1940 ገደማ ወዲህ ግን በመካከለኛው ቤይ የውጣ ውረዱ ስፋት እየጨመረ እንደሄደ ናሙናዎቹ ያሳያሉ። በዚያው ዘመን በተወሰኑ ቦታዎች በሣር ቅጠል ላይ የሚኖሩት ዝርያዎች በዝተዋል፤ ሣሩ ራሱ ከበፊቱ ይልቅ ጥቅጥቅ ብሎ ነበር ማለት ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሰዎች «ድሮ የነበረው ጤናማ ቤይ» ብለው ያስታወሱት ለምለም መስክ ምናልባትም ራሱ የለውጡ ውጤት ነበር። ወደ ቀድሞው እንመልሰው ስንል የትኛውን ቀድሞ ማለታችን እንደሆነ የሚነግረን እንግዲህ ከአሸዋ ቅንጣት ጋር የሚስተካከል ፍጥረት ነው።

አማካዩና መዋዠቁ

ስለ ጨዋማነትና ስለ ዝርያ ብዛት የሚነገረው ዋናው ትምህርት የመጣው ከሰሜን አውሮፓ ነው። ጀርመናዊው አዶልፍ ሬማነ በ1934 የባልቲክን ባሕር መረጃ ሰብስቦ አንድ ቅርጽ አወጣ። ከባሕር ወደ ጣፋጭ ውሃ ስንሄድ የዝርያው ብዛት ይቀንሳል፣ በ5 እና በ8 መካከል ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ከጣፋጭ ውሃ የመጡ ዝርያዎች ሲጨመሩ እንደገና ይወጣል። በ1958 በቬኒስ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ውሃን በጨዋማነቱ በየመደቡ ከፋፈሉ፤ ያ ክፍፍል እስከ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ።

ባልቲክ ግን ልዩ ባሕር ነው። መሙላትና መጉደል የለውም ማለት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ዳርቻ ለዓመታት በአንድ ዓይነት ጨው ይቆያል። እዚያ የአንድ ቦታን አማካይ ማወቅ ነዋሪዎቹን ለመገመት ይበቃል። በፍሎሪዳ ቤይ ሰሜናዊ ዳር አንድ ቦታ በአንድ ዓመት ውስጥ የቬኒስን መደቦች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሊያልፋቸው ይችላል። አማካዩ 20 ቢሆን፣ ያ 20 በእውነት የኖረባቸው ቀናት ጥቂት ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህንን በቁጥር ያሳየው የክሌይ ሞንታግና የጃኔት ሌይ ጥናት በ1993 ታተመ። በሰሜን ምሥራቅ ቤይ በተለያዩ ጣቢያዎች የወለሉን እጽዋትና እንስሳት ከጨዋማነቱ ጋር አነጻጸሩ። ከአማካዩ ይልቅ ከነዋሪዎቹ ብዛት ጋር የተሳሰረው የጨዋማነቱ መዋዠቅ ሆኖ ተገኘ። መዋዠቁ በተለመደው የስታቲስቲክስ መለኪያ በ3 በጨመረ ቁጥር የእጽዋቱ ክብደት በግምት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርድ ነበር፤ እንስሳቱም ይሳሱ ነበር። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ለ10 የተስማማው ዝርያ 35 ሲመጣ ይሞታል፣ ለ35 የመጣው ሰፋሪ ቤቱን ሳይሠራ 10 ይደርስበታል። ሃሎዱሌም ታላሲያም ሩፒያም ሥር የሚሰዱበት ጊዜ ያጣሉ። እንደ ተከራይ በየወሩ የሚለቅና የሚገባ ነዋሪ ብቻ ያለው ሰፈር ይሆናል።

ከዓለም ማዶ የሚገኝ አንድ ስፍራ ይህንኑ ከተቃራኒው ያስረዳል። በምዕራብ አውስትራሊያ በሻርክ ቤይ፣ የባሕር ሣር ራሱ ለሺህ ዓመታት ያጠራቀመው ደለል የሃመሊን ገንዳን ከባሕሩ ከልሎታል፤ ጨዋማነቱ የውቅያኖሱ እጥፍ ገደማ ሆኖ ይኖራል። ዝርያዎቹ ጥቂት ናቸው። ከእነዚያ ጥቂቶች አንዷ፣ ፍራገም ኤሩጋተም የምትባል ነጭ ትንሽ ዛጎል ለባሽ፣ በዚያ ጨው ውስጥ ተቀናቃኝና አዳኝ ስለቀነሰላት ከመብዛቷ የተነሳ ዛጎሏ ብቻውን ኪሎ ሜትሮች የሚዘልቅ የባሕር ዳርቻ ሠርቷል። 70 የሚለው ቁጥር እዚያ ማኅበረሰብ ያቆማል፤ በፍሎሪዳ ቤይ ለጥቂት ሳምንት ሲጎበኝ ያፈርሳል።

የምዕራቡና የምሥራቁ ልዩነት ሁሉ የጨው ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በጭቃ ጉብታዎቹ ላይ የተደረገ ቆጠራ ሸርጣንና ሽሪምፕ መሰሎቹ ከባሕረ ሰላጤው ጋር በሚገናኙት ጉብታዎች ላይ በዝተው፣ በውስጠኛዎቹና በሰሜን ምሥራቆቹ ላይ አንሰው አግኝቷቸዋል። ውስጠኞቹ ግን ጨዋቸው ከመዋዠቁ ሌላ እጭ የሚያመጣላቸው የባሕር ሙላት የላቸውም። አንድ ገንዳ ባዶ የሆነው ጨው ስለገደለበት ነው ወይስ መጀመሪያውኑ የመጣበት ስለሌለ? ሁለቱን ለመለየት በአንድ ቦታ ብዙ ዓመት መቆየት ያስፈልጋል፤ አንድ ዘመቻ አይበቃም።

ከ1987 በኋላ

የ1987ቱ እልቂት ምክንያት አንድ አልነበረም። ከ1960ው የዶና እና ከ1965ቱ የቤትሲ አውሎ ነፋስ በኋላ ቤዩን የጠረገ ትልቅ ማዕበል አልመጣም፤ ጣፋጭ ውሃውም ቀንሶ ምዕራቡና ወደ እሱ የሚጠጋው የመካከሉ ክፍል ለባሕር የቀረበ ጨው ይዞ ከርሟል። ታላሲያ በዚህ መርጋት ተጠቅሞ ሌሎቹን ሣሮች ገፍቶ ጥቅጥቅ አለ። ስለዚህ መርጋት ሁልጊዜ መልካም ነው ማለት አልችልም፤ አንድን ዝርያ ብቻ ያነገሠ መርጋት ለአደጋ ያመቻቻል። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ሌሊት ብዙ ኦክስጅን ይበላል። ውሃ ሲሞቅና ጨው ሲበዛበት የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ኦክስጅን ሲያልቅ በጭቃው ውስጥ የሚፈጠረው ሰልፋይድ የሚባል መርዝ ወደ ሥሩና ወደሚያድገው የሣሩ ጉጥ ይገባል፤ ሣሩም ከሥሩ ይበሰብሳል። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ታላሲያ ቀስ እያለ ቢጨመርበት እስከ 60 ጨው እንደሚችል አሳይተዋል። ገዳዩ ጨው ብቻውን አልነበረም፤ ጨው፣ ሙቀትና የኦክስጅን እጦት ተደርበው ነበር።

ሣሩ ሲበሰብስ ደለሉን የሚይዝ ሥር ጠፋ፣ ውሃው ደፈረሰ፣ የተለቀቀው ንጥረ ነገር ለአልጌ ቀለብ ሆነ። በ1991 እና በ1992 የተስፋፋው አረንጓዴ-ሰማያዊ ባክቴሪያ የስፖንጆችን ጅምላ ሞት አስከተለ። ስፖንጅ ራሱ አከርካሪ አልባ እንስሳ ነው፤ ውሃ ያጠራል፤ ከሥሩም ታዳጊ ሎብስተሮች ይጠለላሉ። መጠለያ ያጡት ሎብስተሮች ወደተገኘው ጉድጓድና ድንጋይ ተጨናነቁ። ተመሳሳይ የስፖንጅ እልቂት በ2007 እና በ2013 ተደግሟል።

ከዚያ በ1994 እና በ1995 ዝናቡ በዛ። ጨዋማነቱ በመላው ቤይ ወረደ። ጨው ብቻውን የሚወስን ቢሆን ኖሮ እንስሳቱ መመለስ ነበረባቸው። በ1980ዎቹ የተቆጠሩት ጉብታዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደገና ሲቆጠሩ ግን በቅጠል መካከል የሚኖሩት ዓሦችና ሽሪምፖች በብዙ ቦታ አንሰው ተገኙ፤ በአንጻሩ በክፍት ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን የሚበላው አንቾቪ ዓሣ በዝቶ ነበር። ምግቡ ከወለል ወደ ውሃው ተነሥቶ ነበርና። በዚህ መላ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነጥብ ነው። ጨዋማነት በሁለት ዓመት ዝናብ ይስተካከላል። ጨዋማነት ያፈረሰው ቤት ግን በሁለት ዓመት አይሠራም፤ ሣሩ ወደ ቀድሞ ይዞታው እስኪጠጋ ሁለት አሥርተ ዓመታት ገደማ ፈጅቷል። በመካከሉ ቁጥሩ ተስተካክሏል ማለት እውነት ነበር፤ ነዋሪዎቹ ግን ገና ሜዳ ላይ ነበሩ።

በ2000 የአሜሪካ ምክር ቤት የኤቨርግሌድስን አጠቃላይ የማገገሚያ ዕቅድ አጸደቀ። ጣፋጭ ውሃን ወደ ደቡብ መመለስ ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ነው። ዕቅዱ ውጤቱ የሚለካበት ነገር ስላስፈለገው ሮዝ ሽሪምፕ ከአመላካቾቹ መካከል ተመረጠ። ከ2005 ጀምሮ በማይክል ሮብሊና በባልደረቦቹ የተመራ ቆጠራ በፍሎሪዳ ቤይ፣ በቢስኬይን ቤይና በአጎራባቹ ዳርቻ 19 ቦታዎች ላይ፣ በደረቁ ወራትና በዝናቡ ወራት መጨረሻ ተካሄደ። መሣሪያው ቀላል ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር የሚሸፍን ክፈፍ ከላይ ይጣላል፣ ውስጡ ያለው ሁሉ በመረብ እየተጠረገ ይቆጠራል። ሣሩም፣ ጨዋማነቱም፣ ጥልቀቱም እዚያው ይለካል። ሽሪምፑም ዓሣውም ሸርጣኑም ከቤቱ ጋር በአንድ ጊዜ ተመዘገበ።

የሣሩ ራሱ ቆጠራ ግን ከ1995 ጀምሮ ይዘልቃል። የእንስሳቱ መዝገብ በየዘመቻው የተቆራረጠ ነው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌላ፣ በ2000ዎቹ ሦስተኛ፣ በመካከላቸው ክፍተት። ስለ አምፊፖድና ስለ ትሎች ደግሞ ከዚህም ያነሰ አለ፤ ለመለየት አጉሊ መነጽርና ብዙ ሰዓት ስለሚጠይቁ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚተዉት እነሱ ናቸው። ሣሩን በየዓመቱ ለመለካት የተገኘው ጽናት ለነዋሪዎቹም ቢገኝ ኖሮ ብዙው ክርክር ዛሬ በመረጃ በተዘጋ ነበር ብዬ አምናለሁ።

2015 እና ከዚያ በኋላ

በ2014 እና በ2015 በቤዩ ላይ የጣለው ዝናብ አነሰ፤ ከቴይለር ስሉ የሚመጣውም ውሃ ተመናመነ። በ2015 የሙቀት ወራት በቤዩ መካከለኛ ክፍል በሚገኘው ራንኪን ሌክና በአካባቢው ጨዋማነቱ ከ70 አለፈ። 16,000 ሄክታር ያህል የሣር መስክ ተጎዳ፤ አብዛኛው ከ1987 ጀምሮ የሞተው ወይም የተጎዳው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ያገገመው መስክ ነው። ሂደቱም ያው ነበር፦ ጨው፣ ሙቀት፣ ኦክስጅን የጠፋበት ሌሊት፣ ሰልፋይድ። በመስከረም 2017 የኢርማ አውሎ ነፋስ መጣ፤ የሞተውን ቅጠል አንሥቶ ወሰደ፣ ብዙ ጣፋጭ ውሃ በአንድ ጊዜ አፈሰሰ፣ የአልጌ መስፋፋትም ተከተለ። ጨው በሁለት ዓመት ውስጥ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ተወረወረ።

በእነዚሁ ዓመታት የተሠራ ነገርም አለ። በ2012 በሲ-111 ቦይ አጠገብ ውሃ ወደ ምሥራቅ እንዳይሾልክ የሚይዝ ግንባታ ሥራ ጀመረ፤ ቴይለር ስሉን ያግዛል። በ2013 የታማያሚ መንገድ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህሉ በድልድይ ተነሥቶ ውሃው ከሥሩ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ2019 ደግሞ ከዚያ የሚረዝም ሁለተኛ ድልድይ ተከተለ። ከ1928 ጀምሮ የተዘጋ መንገድ በከፊል ተከፍቷል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ለዓመታት የተከራከሩለት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል።

የሚቀረው ጥያቄ ውሃው መቼ ይለቀቅ የሚለው ነው። ብዙ ውሃ በዝናቡ ወራት ቢለቀቅ የዓመቱን አማካይ ያሳምራል፤ መዋዠቁን ግን ሊያባብሰው ይችላል፣ ምክንያቱም ለዘብ ያለው ጊዜ ይበልጥ ይለዝብና ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ ወቅት እንደነበረው ይቀራል። ለአምፊፖዱም፣ ለቶርም፣ ለታዳጊው ሽሪምፕም የሚሻለው ያነሰ ውሃ ነው፤ በደረቁ ወራት ሳይቋረጥ ቀስ እያለ የሚገባ፣ የመጋቢትን፣ የሚያዝያንና የግንቦትን የጨው ጫፍ የሚቀንስ። ይህንን ለመለካት ደግሞ የዓመት አማካይ አይጠቅምም፤ በየገንዳው ከፍተኛውና ዝቅተኛው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሸጋገረበት ፍጥነት፣ ከ40 በላይ የቆየባቸው ቀናት ብዛት መመዝገብ አለባቸው። በቤዩ ላይ የተተከሉት ጣቢያዎች ጨዋማነትን ያለማቋረጥ ስለሚለኩ ይህ መረጃ ዛሬ አለ። ከጎኑ የሚጎድለው በየስድስት ወሩ ያለማቋረጥ የሚጣለው አንድ ካሬ ሜትር ክፈፍና በውስጡ የተገኘውን በአጉሊ መነጽር የሚቆጥር ሰው ነው።